ኬብል ሲነቀል ብቻ የሚሠራ መጠባበቂያ፦ የአንድ ዳያል-አፕ ባክአፕ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

አንድ ዋና መስሪያ ቤትና ስምንት ቅርንጫፎች ያሉት ድርጅት ነው። ለየቅርንጫፉ የስልክ ሞደም ገዛን። ከራውተሩ ጋር አገናኘን፣ ፈተንን፣ «ይሠራል» ብለን ፈርመን አስረከብን። እውነተኛው ብልሽት ሲመጣ አልሠራም። ሞደሙ ደህና ነበር። የስልክ መስመሩም ደህና ነበር። ራውተሩ ግን ዋናው መስመር መሞቱን አላወቀም።

ነገሩ ከሆነ ቆይቷል። ፍሬም ሪሌይም (ቅርንጫፎችን በአቅራቢ ድርጅት ኔትወርክ በኩል የሚያገናኝ መስመር) የስልክ ሞደምም ዛሬ ብዙ ቦታ የሉም። ያኔ የሠራነውን ስህተት ግን በኋላ በ4ጂ መጠባበቂያ ላይም ደግሜ አይቼዋለሁ። የጻፍኩትም ለዚህ ነው። የድርጅቱንም የሰዎቹንም ስም ትቻለሁ።

## ዳራ

ቅርንጫፎቹ ከዋናው መስሪያ ቤት ጋር የሚገናኙት በፍሬም ሪሌይ ነው፤ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 256 ኪሎቢት። በየቅርንጫፉ አንድ ትንሽ የሲስኮ ራውተር፣ አንድ ስዊችና አሥር የማይሞሉ ኮምፒውተሮች አሉ። ደንበኛ የሚስተናገድበት ሲስተም ሰርቨሩ ዋናው መስሪያ ቤት ነው። መስመር ከሄደ ቅርንጫፉ ሥራ ያቆማል። ወረቀት ላይ ይጽፉና ማታ ያስገቡታል።

የራውትንግ ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም ራውተሮቹ መንገድ የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ ኢአይጂአርፒ ነው። ለመጠባበቂያ በየቅርንጫፉ ራውተር ኦግዚለሪ ፖርት ላይ አንድ ውጫዊ ሞደም ሰካን። ዋናው መስሪያ ቤት ደግሞ በአንድ ስልክ ቁጥር የሚገኙ አራት ሞደሞች አሉ። ስምንቱም ቅርንጫፍ በአንድ ቀን አይወድቅም ብለን ነው አራት ያደረግነው።

የሞደሙ ካርቶን ላይ 56 ኪሎቢት ይላል። ያ ፍጥነት የሚገኘው ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ከስልክ ኔትወርኩ ጋር በዲጂታል መስመር ሲገናኝ ነው። የእኛ ሁለቱም ጫፍ ተራ የስልክ መስመር ነው። ስለዚህ ጣሪያው 33.6 ነው፤ መስመሩ ጫጫታ ካለው ከዚያም ይወርዳል። ይህን ለአለቆች ቀድመን መናገር ነበረብን። አልተናገርንም።

## የመጀመሪያው ዝግጅት

ቀላሉን መንገድ መረጥን። በዋናው ሲሪያል ኢንተርፌስ (የፍሬም ሪሌይ መስመሩ በሚገባበት የራውተሩ በር) ሥር «ባክአፕ ኢንተርፌስ» የሚለውን ትዕዛዝ ጽፈን የሞደሙን ኢንተርፌስ ጠቀስን። ሲሪያሉ ከወደቀ 10 ሰከንድ ጠብቆ መጠባበቂያውን ይቀሰቅሳል። ሲመለስ 60 ሰከንድ ጠብቆ ያስተኛዋል። የመመለሻው ጊዜ የረዘመው መስመሩ ብልጭ ድርግም ሲል ሞደሙም አብሮ እንዳይዋልል ነው።

ከዚያ ፈተና። አንድ ባልደረባዬ ከራውተሩ ጀርባ የሲሪያል ኬብሉን ነቀለ። ሞደሙ ቁጥሩን መታ፣ ያን የታወቀ ጩኸቱን አሰማ፣ ተገናኘ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ኬብሉን መልሶ ሰካ፣ ስልኩ ተዘጋ። ስምንቱም ቅርንጫፍ ላይ ያንኑ ፈተና ደገምን። ስምንቱም አለፉ።

## ያልደወለው ሞደም

ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከአንድ ቅርንጫፍ ተደወለልኝ። ሲስተሙ ቆሟል። ሞደሙስ? ጸጥ ብሏል። ከመብራቱ በቀር ምንም የሚታይ ነገር የለም።

ላፕቶፕና ኮንሶል ኬብል ይዤ ሄድኩ። የቅርንጫፉ ኃላፊ በትልልቅ ሰው ትዕግስት አጠገቤ ቆመው ያያሉ። የኢንተርፌሱን ሁኔታ ጠየቅሁ። ሲሪያል አፕ፣ ላይን ፕሮቶኮል አፕ። ፍጹም ጤነኛ። ቀጥዬ የፒቪሲውን፣ ማለትም በአቅራቢው ኔትወርክ ውስጥ እስከ ዋናው መስሪያ ቤት የተዘረጋልንን መንገድ፣ ሁኔታ ጠየቅሁ። «ኢንአክቲቭ» ይላል። ራውተሩ አጠገቡ ካለው የአቅራቢው ስዊች ጋር ይነጋገራል። ከስዊቹ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ተቆርጧል።

ኃላፊዋ «ልጄ፣ ታዲያ ይሄ ሞደም ለጌጥ ነው የተቀመጠው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በእጄ የሲሪያል ኬብሉን ነቀልሁት። ሞደሙ ወዲያው ደወለ። ሥራው ተንቀራፎም ቢሆን ተነሳ። ዋናው መስመር የተመለሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። እኔ ባልሄድ ኖሮ ሞደሙ አራቱንም ሰዓት ይተኛ ነበር።

## ምክንያቱ

በፍሬም ሪሌይ ራውተሩ በየ10 ሰከንዱ «አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው አቅራቢያው ያለውን ስዊች ነው። ይህ ኤልኤምአይ ይባላል። ስዊቹ እስከመለሰ ድረስ ሲሪያሉ አፕ ነው። እዚያኛው ጫፍ ያለው ራውተር ቢቃጠልም አፕ ነው። ኤልኤምአይ ፒቪሲው ኢንአክቲቭ መሆኑን ቢነግረን እንኳ፣ እኛ አይፒ አድራሻውን የሰጠነው ለዋናው ኢንተርፌስ ስለሆነ ኢንተርፌሱ በዚህ አይወድቅም።

ባክአፕ ኢንተርፌስ ደግሞ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኢንተርፌሱ ወድቋል ወይስ አልወደቀም። የእኛ ፈተና ኬብል መንቀል ነበር። ከብልሽቶች ሁሉ ራውተሩ በቀላሉ የሚያየውን መርጠን ፈተንነው ማለት ነው። በተግባር ኬብል ከራውተር ጀርባ የሚነቀለው ስንት ጊዜ ነው? በእኔ ልምድ፣ የጽዳት ሠራተኛ ካልነካው በቀር፣ ምንም ያህል።

## አንደኛው እርምጃ፦ ራውትንጉ ይወስን

መስመሩ መሞቱን የሚያውቀው ኢአይጂአርፒ ነው። ጎረቤቱ ሄሎ ማለት ካቆመ መንገዱን ከሰንጠረዡ ያወጣል። ስለዚህ ፍሎቲንግ ስታቲክ ወደሚባለው ዘዴ ዞርን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ራውተሩ ወደ አንድ መድረሻ ሁለት መንገድ ከሁለት ምንጭ ሲያገኝ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንሱ ያነሰውን ይመርጣል። ተራ ስታቲክ (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) 1 ነው፣ የውስጥ ኢአይጂአርፒ 90፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ሪፕ 120። በሞደሙ በኩል የሚያልፍ ስታቲክ ጽፈን 200 ሰጠነው። ኢአይጂአርፒ እስካለ ድረስ ስታቲኩ ተደብቆ ይቀመጣል። ኢአይጂአርፒ ሲጠፋ ብቅ ይላል።

መጀመሪያ ስንፈትነው ሠራ፤ ግን ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ኢአይጂአርፒ እንዲህ ባለ ቀርፋፋ የፍሬም ሪሌይ ኢንተርፌስ ላይ ሄሎ የሚልከው በየ60 ሰከንዱ ነው። ጎረቤቱ ሞቷል የሚለው 180 ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ ነው። ኮንፊገሬሽኑን ወደ ፖይንት-ቱ-ፖይንት ሰብኢንተርፌስ (ለአንድ ፒቪሲ ብቻ የተመደበ የኢንተርፌሱ ንዑስ ክፍል) ቀየርነው። እዚያ ላይ ሄሎው 5፣ ጥበቃው 15 ሰከንድ ነው። ሞደሞቹ ለመግባባት የሚፈልጉት ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲጨመርበት፣ ከአንድ ደቂቃ በታች ሆነ።

ሰብኢንተርፌስ ካደረጋችሁት አይቀር ባክአፕ ኢንተርፌሱን በእሱ ሥር ለምን አልጻፋችሁትም የሚል ይኖራል። ለዚያ ቀን ብልሽት ይሠራ ነበር፤ ፒቪሲው ኢንአክቲቭ ሲባል ሰብኢንተርፌሱ ይወድቃልና። የአቅራቢው ኔትወርክ ፒቪሲውን አክቲቭ እያለ ዳታ የማያሳልፍበት ጊዜም አለ። ሄሎ ግን ካልደረሰ አልደረሰም ነው።

## ሁለተኛው እርምጃ፦ አልዘጋ ያለው ስልክ

ፍሎቲንግ ስታቲኩን ባስገባን ማግስት ሌላ ጉድ መጣ። ዋናው መስመር ደህና ሆኖ ሳለ ሞደሞቹ ደወሉ። አራቱም የዋናው መስሪያ ቤት ሞደሞች ቀኑን ሙሉ ተያዙ። የወሩ የስልክ ሂሳብ ሲመጣ የፋይናንስ ክፍሉ ሰዎች እኛን ሰላም ማለት አቆሙ።

እዚህ ላይ ያዳነን አንድ ትዕዛዝ ነው፤ «ሾው ዳያለር»። ራውተሩ ለምን እንደደወለ «ዳያል ሪዝን» ብሎ ያስቀምጣል፣ ምንጭና መድረሻ አድራሻ አድርጎ። መድረሻው 224.0.0.10 ነበር። ይህ የኢአይጂአርፒ መልቲካስት አድራሻ ነው። ሄሎው በሞደሙ ኢንተርፌስም ይወጣል። እኛ ደግሞ ዳያለር ሊስቱ ላይ፣ ማለትም ስልክ የሚያስነሳው ትራፊክ በሚዘረዘርበት ቦታ፣ «ማንኛውም አይፒ ይደውል» ብለን ጽፈናል። ሄሎው ስልኩን ያስነሳል። ስልኩ ያለ ሥራ 120 ሰከንድ ሲቆይ መዘጋት ነበረበት፤ ግን ሰዓቱ ሳይሞላ ሌላ ሄሎ ይመጣና እንደገና ከዜሮ ያስቆጥረዋል።

ኢአይጂአርፒን ከዳያለር ሊስቱ ከለከልን። የሞደሙን ኢንተርፌስም ፓሲቭ (ሄሎ የማይልክ) አደረግን። ሰባቱ ቅርንጫፎች ዝም አሉ። ስምንተኛው አሁንም ይደውላል።

ይሄኛው ግማሽ ቀን በላኝ። ዳያል ሪዝኑ ላይ ያለው መድረሻ የእኛ ኔትወርክ ውስጥ ጨርሶ የሌለ አድራሻ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም የኢንተርኔት ሰርቨሩን ይፈልጋል። ግን ለምን በሞደም? ዋናው መስመር አለ፣ ኢአይጂአርፒ አለ፣ 90 ከ200 ያንሳል።

መልሱ እዚያው ስታቲኩ ላይ ነበር። በሰባቱ ቅርንጫፎች ስታቲኩን የጻፍነው ኢአይጂአርፒ በሚያመጣቸው ኔትወርኮች ልክ ነው። በስምንተኛው የጻፈው ባልደረባ ለማሳጠር ብሎ ዲፎልት ራውት፣ ማለትም ወደ 0.0.0.0፣ አድርጎታል። ኢአይጂአርፒ ዲፎልት አያመጣልንም ነበር። አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ ደግሞ የሚያወዳድረው አንድ ዓይነት ፕሪፊክስ ያላቸውን፣ ማለትም ልክ ወደ አንድ መድረሻ ኔትወርክ የተጻፉ፣ መንገዶች ብቻ ነው። ተወዳዳሪ የሌለው ዲፎልት 200 ቢሆንም 250 ቢሆንም ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል። ስሙ ፍሎቲንግ ነው እንጂ አልተንሳፈፈም፤ ሁልጊዜ እዚያው ነበር። የማይታወቅ አድራሻ የሚፈልግ ፓኬት ሁሉ ወደ ሞደሙ ይሄዳል።

ይህን ስህተት ከዚያ በኋላ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሲሠሩት አይቻለሁ። ምክንያቱም ፈተናውን ያልፋል። ዋናውን መስመር ስትጥለው በትክክል ይሠራል። የሚያጋልጠው የስልክ ሂሳቡ ነው።

## ሦስተኛው እርምጃ፦ የመመለሻው መንገድ

በአንድ ቅርንጫፍ ሞደሙ ደውሎ ተገናኘ። ከራውተሩ ላይ ሆነን የዋናውን መስሪያ ቤት ሰርቨር ፒንግ አደረግን፤ አምስት ከአምስት። ሠራተኞቹ ግን «ምንም የለም» ይላሉ።

ራውተሩ ራሱ ፒንግ ሲያደርግ እንደ ምንጭ የሚጠቀመው የሞደሙን ኢንተርፌስ አድራሻ ነው። ያንን አድራሻ ዋናው መስሪያ ቤት ያውቀዋል፤ በቀጥታ ተገናኝተዋልና። የሠራተኞቹን ኮምፒውተሮች ኔትወርክ ግን በዚያ በኩል እንደሚደርሰው የነገረው የለም። ፍሎቲንግ ስታቲክ በሁለቱም ጫፍ ይጻፋል። ለዚያ ቅርንጫፍ የዋናውን መስሪያ ቤት ጎን ረስተነው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንፈትነው ምንጩ የቅርንጫፉ ላን (የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ኔትወርክ) የሆነ ፒንግ እያደረግን ነው።

የሚደውለው ቅርንጫፉ ብቻ ነው። ዋናው መስሪያ ቤት ይቀበላል እንጂ አይደውልም፤ ስልክ ቁጥርም አላስገባንለትም። ሁለቱም እኩል ከደወሉ ሁለቱም የተያዘ መስመር ነው የሚያገኙት።

## አራተኛው እርምጃ፦ ማን ይለፍ

ቀጣዩ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ ሞደሙ በራሱ ደወለ። እሰየው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ሲስተሙ እንደቆመ ይቆጠራል የሚባል ያህል ተንቀራፈፈ። አንድ ኮምፒውተር የጸረ-ቫይረስ ማሻሻያውን ማውረድ ጀምሯል።

ሂሳቡን እንሥራው። በ33.6 ኪሎቢት አንድ ሜጋባይት ለማውረድ ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ መስመሩ ሙሉ ለሙሉ ለእሱ ቢሰጥ። አንድ የ1500 ባይት ፓኬት ብቻውን ሽቦው ላይ ለመውጣት 0.36 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። የደንበኛው ትንሽ ጥያቄ ከእንዲህ ዓይነት ሦስት ፓኬቶች ኋላ ከተሰለፈ አንድ ሰከንድ አለፈ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ዳያለር ሊስቱን አጥብቀን የሲስተሙን ትራፊክ ብቻ ፈቅደን ነበር፤ ታዲያ ማሻሻያው እንዴት አለፈ? ዳያለር ሊስት የሚወስነው ማን ስልክ እንደሚያስነሳና ማን እንደሚያቆየው ነው። ስልኩ ከተነሳ በኋላ ማን ያልፋል የሚለውን አይመለከትም። ለዚያ በኢንተርፌሱ ላይ ሌላ አክሰስ ሊስት ያስፈልጋል። በሁለቱም ጫፍ አደረግነው፤ ከባዱ ዳታ የሚመጣው ከዋናው መስሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፍ ነውና። ሲስተሙ፣ ዲኤንኤስና የእኛ መቆጣጠሪያ ብቻ ያልፋሉ። ኢሜይል ቀረ። ስለ ኢሜይሉ ብዙ ተነጋገርን፣ ተቆጡብንም፣ ግን ቀረ።

## ትንንሾቹ እሾሆች

አንድ ቅርንጫፍ ስልኩ በውስጥ ማዞሪያ በኩል ነበር። ሞደሙ የመደወያ ድምፅ እየጠበቀ፣ የማዞሪያውን ድምፅ አልለይ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ኤክስ3 የሚለውን የኤቲ (የሞደም) ትዕዛዝ ጨምረን ድምፅ ሳይጠብቅ እንዲደውል አደረግነው። ከውጭ መስመር ቁጥሩ ቀጥሎ ኮማ አስገባን፤ አንድ ኮማ በተለመደው ቅንብር የሁለት ሰከንድ እረፍት ነው።

ሌላ ቦታ ሞደሞቹ ይገናኛሉ፣ ወዲያው ይለያያሉ። ቻፕ የተባለው የማንነት ማረጋገጫ አልተቀበለውም ነበር። የራውተሩ ስም በኋላ ሲቀየር አንድ ፊደል በትልቁ ተጽፏል፤ ዋናው መስሪያ ቤት የመዘገበው በትንሹ ነው።

ዳያለር ዋች የሚባለውንም አስበን ነበር። እሱ የተመረጠ መንገድ ከሰንጠረዥ ሲጠፋ ትራፊክ ሳይጠብቅ ይደውላል። ለእኛ ግን ማታ ሰው በሌለበት መስመር ቢቋረጥ እስኪነጋ ስልክ ይዞ ያድራል። ተውነው።

## ያልፈታነው

በአንድ ቅርንጫፍ የፍሬም ሪሌዩ መስመርና የስልኩ መስመር ወደ ሕንፃው የሚገቡት በአንድ ቱቦ ነው። መንገድ የሚቆፍር ማሽን ሁለቱንም በአንድ ምት ቆረጣቸው። ይህን የሚፈታ ኮንፊገሬሽን የለም። ለድርጅቱ ጻፍን፣ በወረቀት መሥራታቸውን ቀጠሉ። በኋላ በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ መጠባበቂያ ያገኙት መጀመሪያ እነሱ ናቸው።

## ለሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ከባዱ መደወሉ አይደለም፣ መስመሩ መሞቱን ማወቁ ነው። ዛሬ ዋናው መስመር ፋይበር፣ መጠባበቂያው 4ጂ ቢሆንም ያው ነው። ራውተሩ ከአቅራቢው ሳጥን ጋር በኢተርኔት ኬብል ይገናኛል። ከሳጥኑ ወዲያ ሁሉም ቢጠፋ ኬብሉ አፕ ነው። ስለዚህ ከሳጥኑ ባሻገር ያለ አድራሻን በየጊዜው የሚጠይቅ ፍተሻ ያስፈልጋል፤ በሲስኮ አይፒ ኤስኤልኤ እና ትራክ የሚባሉት ለዚህ ናቸው። ፍተሻው ግን በዋናው መስመር ብቻ እንዲወጣ መታሰር አለበት። ካልታሰረ መጠባበቂያው ሲነሳ ፍተሻው በእሱ በኩል ይሳካል። ራውተሩ «ዋናው ተመለሰ» ብሎ ይመልሰዋል፣ ወዲያው ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። እንዲህ ሲንገላታ የሚያድር ራውተር አይቻለሁ።

ፈተናውን ደግሞ ቀየርነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ሥራ ካበቃ በኋላ፣ በዋናው መስሪያ ቤት በኩል የቅርንጫፉን ሰብኢንተርፌስ ሻትዳውን እናደርጋለን። እንዲህ ሲሆን የቅርንጫፉ ሲሪያል አፕ፣ ፒቪሲውም አክቲቭ እንደሆነ ይቆያል። ሄሎው ብቻ ነው የሚጠፋው። ያ የሚያስቸግረው ዓይነት ብልሽት ነው። ሞደሙ ባይደውል እንኳ የዘጋነውን ከዚሁ ሆነን እንከፍተዋለን፤ ቅርንጫፉ ላይ ብንዘጋው ኖሮ መኪና ማስነሳት ነበረብን።

በሦስተኛው ወር ፈተና አንዱ ቅርንጫፍ አልደወለም። ኮንፊገሬሽኑን መስመር በመስመር አነበብነው፣ ምንም የለበትም። በማግስቱ ባልደረባዬ ሄደ። ግድግዳው ላይ ባለው የስልክ ሶኬት የጠረጴዛ ስልክ ተሰክቷል። የሞደሙ ገመድ ወለል ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ በጥንቃቄ፣ በላስቲክ ታስሮ። ስልክ የቸገረው ሰው ነው የነቀለው። ባልደረባዬ ለሰውየው ሌላ መስመር ለመነለት፣ ገመዱን መልሶ ሰካው፣ ሶኬቱ ላይም «የሞደም፣ አይነቀልም» የሚል ወረቀት ለጥፎ መጣ።